ተክል ምግብ መሥራቱንና ውኃ ማመላለሱን በቤት ዕቃ ማሳየት፦ የአሠራር መመሪያ

የባዮሎጂ መምህር በመሆኔ ከተማሪዎች፣ ከወላጆችና ከሌሎች መምህራን ሳይቀር አንድ ዓይነት ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል፦ «ቅጠሉን አፍልቼ፣ በአልኮል አጥቤ፣ አዮዲን ጠብ አደረግሁበት፤ ነገር ግን ቀለሙ አልተለወጠም። አዮዲኑ ተበላሽቶ ይሆን?» አንዳንዶቹ ደግሞ የተገላቢጦሹን ይጠይቃሉ፤ በፎይል የሸፈኑት የቅጠሉ ክፍል ነጭ መስሎ እንዲቀር ሲጠብቁ ቅጠሉ በሙሉ ይጠቁርባቸዋል። በሁለቱም ጉዳይ አዮዲኑ ጥፋተኛ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። ስሕተቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጸመው ምድጃው ከመለኮሱ በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ውስጥ ነው።

ስለዚህ ይህን መመሪያ ጻፍሁ። ትልቁ ክፍል ስለ ቅጠሉ ሙከራ ነው፤ ከእርሱ በኋላ ውኃ ከሥር ወደ ቅጠል እንዴት እንደሚወጣ፣ የተሠራውም ምግብ ከቅጠል ወደ ታች በየት በኩል እንደሚወርድ የሚያሳዩ አጫጭር ሙከራዎች ይከተላሉ።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር መረዳት ያስፈልጋል። ተክል ቅጠሉን አረንጓዴ በሚያደርገው ክሎሮፊል አማካይነት የፀሐይ ብርሃንን ይቀበላል፤ በዚያም ጉልበት ከሥሩ የመጣውን ውኃና ከአየር ያስገባውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ስኳር ይለውጣል፤ ኦክስጅንም ያስወጣል። ይህ ብርሃን አስተጻምሮ የሚባለው ሂደት ነው። ቀን የተሠራው ስኳር በሙሉ ወዲያውኑ ከቅጠሉ ስለማይወጣ ከፊሉ በስታርች መልክ (በድንችና በቡላ ውስጥ በብዛት እንዳለው ዓይነት ምግብ) እዚያው ይጠራቀማል፤ ሌሊት ደግሞ ስታርቹ ተመልሶ ወደ ስኳር ይፈታና ወደ ሥር፣ ወደ ግንድና ወደ ፍሬ ይጓዛል። አዮዲን ወደ ጥቁር ሰማያዊ ተለውጦ የሚያሳየን ስታርቹን እንጂ ስኳሩን አይደለም። የሙከራው አካሄድ በሙሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው፦ በመጀመሪያ የቆየውን ስታርች ማስጨረስ፣ ከዚያ አዲስ እንዲሠራ ማድረግ፣ በመጨረሻም የት እንደተሠራ ማየት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለቅጠሉ ሙከራ፦
• በቆርቆሮ ወይም በማሰሮ የበቀሉ ሦስት ወይም አራት የቦሎቄ ችግኞች፣ አለዚያም በዕቃ የተተከለ ጌራኒየም
• የአሉሚኒየም ፎይል፣ ትንሽ ግልጽ ላስቲክና አራት አግራፍ
• ውኃ የሚፈላበት ድስትና ምድጃ
• አልኮሉ የሚቀመጥበት፣ ሙቀት የሚችል ትንሽ ብርጭቆ ወይም የብረት ኩባያ
• 30 ሚሊ ሊትር ያህል ጠንካራ አልኮል (ከ90 በመቶ በላይ የሆነው ይመረጣል፤ ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶም ይሠራል፣ ግን ይዘገያል)
• የአዮዲን ፈሳሽ
• ወረንጦ፣ ነጭ ሳህን፣ አንድ ቁራጭ ድንች

ለቀሩት ሙከራዎች፦
• ነጭ አገዳ ያለው ትኩስ ቆስጣ፣ ቀይ የምግብ ቀለም፣ ሦስት ብርጭቆ
• ምላጭ፣ ግልጽ ፌስታል፣ ክር፣ ቫዝሊን
• ድንችና ጨው

ስለ አዮዲኑ ጥቂት ልጨምር። የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ካለ እዚያ የሚገኘው በፖታሲየም አዮዳይድ የተበጀው አዮዲን ከሁሉ ይሻላል። ከሌለ ለቁስል የሚሸጠውን ቡናማ ፖቪዶን አዮዲን አንድ እጁን በአምስት እጅ ውኃ አቅጥኖ መጠቀም ይቻላል፤ ሳሙና የተቀላቀለበትን ዓይነት ግን አይግዙ። «አዮዲን ያለበት ጨው አይሆንም ወይ?» ለሚሉኝ፦ አይሆንም። በጨው ውስጥ ያለው መጠኑ እጅግ አነስተኛ ነው፤ መልኩም ከስታርች ጋር ቀለም የሚሰጠው ዓይነት አይደለም።

ማስጠንቀቂያ

አልኮል ከእሳት ጋር በፍጹም አይገናኝ። አልኮል በክፍል ሙቀት እንኳ የሚነድ ትነት ያወጣል፤ ትነቱም ከአየር ስለሚከብድ በጠረጴዛው ላይ ተንሸራቶ ራቅ ብሎ ከተቀመጠ ምድጃ ወይም ከሰል ሊደርስ ይችላል። ማስተማር በጀመርሁበት ዓመት ኩባያውን በቀጥታ በከሰል ምድጃ ላይ አስቀምጬ ክፍሉ በሙሉ እያየኝ ነበልባሉ ተነሥቶብኛል፤ ማንም አልተጎዳም፣ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ምድጃ ሳላጠፋ የአልኮል ክዳን ከፍቼ አላውቅም። አልኮሉ ከተቀጣጠለ ኩባያውን አያንሡ፤ ውኃም አይድፉበት፤ በድስት ክዳን ወይም በእርጥብ ፎጣ ከድነው አየር ይከልክሉት። ለማቃጠያ የሚሸጠው አልኮል መርዛማ ነገር የተጨመረበት ሊሆን ስለሚችል ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ። ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ከደረጃ 7 እስከ 9 ያለውን ከአዋቂ ጋር ብቻ ይሥሩ።

ክፍል አንድ፦ ቅጠሉ ስታርች መሥራቱን ማሳየት

1. ተክሉን ይምረጡና ያዘጋጁ።

ቦሎቄን የምመርጠው በሦስት ወይም በአራት ሳምንት ለሙከራ የሚበቃ ቅጠል ስለሚያወጣ፣ ቅጠሉም ስስ በመሆኑ ክሎሮፊሉ በቀላሉ ስለሚለቅ ነው። ሽንኩርት ለዚህ ሙከራ አይሆንም፤ በቅጠሉ ውስጥ ምግቡን የሚያጠራቅመው በስኳር መልክ እንጂ በስታርች መልክ አይደለምና አዮዲኑ ምንም አያሳይም። የስንዴና የገብስ ቅጠልም በአብዛኛው የሚያጠራቅመው ስኳር ስለሆነ አያስተማምንም። ወፍራምና ሰም የተቀባ የሚመስል ቅጠል ያላቸው ተክሎች ደግሞ አልኮሉን አያስገቡም።

2. ዓርብ ማታ 12 ሰዓት ላይ ውኃ አጠጥተው ፍጹም ጨለማ ቦታ ያስገቡ።

ቁም ሣጥን ጥሩ ነው። የካርቶን ሣጥን ከሆነ ስንጥቁን በፕላስተር ይድፈኑ። ተክሉ እስከ እሑድ ጧት፣ ማለትም ለ36 ሰዓት ያህል፣ እዚያ ይቆይ፤ ብርድ ባለበት ደጋ አገር እስከ 48 ሰዓት ማቆየት ይሻላል፣ በቅዝቃዜ ስታርቹ የሚፈታው በዝግታ ነውና። ይህን ደረጃ የሚዘልሉ ሰዎች ናቸው «ቅጠሉ በሙሉ ጠቆረብኝ» የሚሉት። ባለፈው ቀን የተሠራው ስታርች ሳያልቅ ቅጠሉን በፎይል ቢሸፍኑት፣ በተሸፈነው ቦታ የሚያዩት ጥቁረት የትናንቱ ነው። አንድ ሌሊት ብቻ አይበቃም ወይ የሚለኝ ብዙ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ይበቃል፣ ግን በ«አንዳንድ ጊዜ» ላይ ሙከራ አይመሠረትም።

3. እሑድ ጧት፣ ተክሉ ብርሃን ሳያይ፣ አንድ ቅጠል ቆርጠው ለብቻ ያስቀምጡ።

ይህ ማነጻጸሪያ ነው፤ «ሀ» ብለው ይሰይሙት። ወዲያውኑ በደረጃ 6 እንደተገለጸው በፈላ ውኃ ይንከሩትና ትንሽ ውኃ ባለበት ሳህን ይጠብቅ። በመጨረሻ አዮዲን ሲነካው ካልጠቆረ ጨለማው ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። ከጠቆረ የቀሩትን ቅጠሎች ውጤት አይመኑ፤ ከደረጃ 2 እንደገና ይጀምሩ። በመማሪያ መጻሕፍት ሥዕል ላይ ይህ ቅጠል ብዙ ጊዜ አይታይም፤ እኔ ግን ያለ እርሱ የተሠራውን ሙከራ ከግማሽ አልቆጥረውም።

4. ሁለት ቅጠሎችን በከፊል ይሸፍኑ።

በአንዱ ቅጠል («ለ») መካከል ሁለት ጣት ስፋት ያለው ፎይል ከላይም ከታችም አጥፈው በአግራፍ ይያዙት፤ ቅጠሉ ከተክሉ አይቆረጥ። በሌላው ቅጠል («ሐ») ላይ በዚያው መጠን የተቆረጠ ግልጽ ላስቲክ ሳያጣብቁ ላላ አድርገው ያድርጉ። ግልጹ ላስቲክ ያስፈለገበት ምክንያት አለ። ፎይሉ የከለከለው ብርሃንን ብቻ ሳይሆን አየርንም ጭምር ሊሆን ስለሚችል፣ አስተዋይ ተማሪ «ካርቦን ዳይኦክሳይድ አጥቶ እንዳይሆንስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ላስቲክ ያለበት ቦታ ጠቁሮ ፎይል ያለበት ካልጠቆረ ግን ልዩነቱ የመጣው ከመሸፈን ሳይሆን ከብርሃን ነው።

አግራፉን በቅጠሉ መካከል በሚያልፈው ትልቅ ጅማት ላይ አያጥብቁት። የተጨፈለቀ ጅማት ውኃ ስለማያሳልፍ ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ የጠወለገ ቅጠል ደግሞ አየር የሚያስገባባቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ዘግቶ ምግብ መሥራት ያቆማል።

5. ተክሉን ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ድረስ ፀሐይ ላይ ያውጡት።

ስድስት ሰዓት ከበቂ በላይ ነው። ክረምት ከሆነና ሰማዩ ከደመነ ሙሉ ቀን ይተዉት። አፈሩ እርጥብ መሆኑን በመካከሉ ይመልከቱ።

6. ቅጠሎቹን ቆርጠው በፈላ ውኃ ውስጥ ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ ይንከሩ።

ፎይሉንና ላስቲኩን ያንሡ፤ የቱ የቱ እንደሆነ እንዳይጠፋብዎ የ«ለ»ን አገዳ ረዥም፣ የ«ሐ»ን አጭር አድርገው ይቁረጡ። ከተቆረጡ በኋላ አይቆዩ፤ ቅጠል ተቆርጦም ስታርቹን መጠቀሙን ይቀጥላል። የፈላው ውኃ የቅጠሉን ሕዋሳት ገድሎ ይህን ሂደት ያቆማል፤ የሕዋሳቱንም ሽፋን ስለሚያፈርስ በኋላ አልኮሉና አዮዲኑ በቀላሉ ይገባሉ። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ ስለሆነ ሁለቱን ደቂቃ ሙሉ ይስጡት። ቅጠሉ ልምሽሽ ማለት አለበት።

7. ምድጃውን ያጥፉ። ድስቱን ከምድጃው አንሥተው ሌላ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ።

ይህን ለብቻው በቁጥር የጻፍሁት ማንም ከሚቀጥለው ደረጃ ጋር እንዳያደባልቀው ነው። ከሰል ከሆነ ወደ ውጭ ይውጣ።

8. አልኮሉን በትንሹ ኩባያ ቀድተው ሦስቱንም ቅጠሎች ይጨምሩ፤ ኩባያውን በትኩሱ ውኃ መካከል ያስቀምጡ።

አልኮል የሚፈላው ከውኃ በጣም ዝቅ ባለ ሙቀት ነው፤ በባሕር ጠለል በ78 ዲግሪ፣ በደጋ ደግሞ ከዚያም ባነሰ። ስለዚህ ያለ አንዳች እሳት በትኩሱ ውኃ ብቻ ሲንተከተክ ያዩታል። ክሎሮፊል በውኃ አይሟሟም፣ በአልኮል ግን ይሟሟል፤ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ አልኮሉ አረንጓዴ፣ ቅጠሉ ደግሞ የገረጣ ቢጫ ወይም ነጭ ይሆናል። በ70 በመቶ አልኮል ከሆነ 20 ደቂቃ ድረስ ሊወስድ ይችላል፤ አልኮሉን አንድ ጊዜ ይቀይሩ፣ ውኃው ከቀዘቀዘም በሌላ ትኩስ ውኃ ይተኩት። አዲሱን ውኃ ሲያፈሉ የአልኮሉ ኩባያ ሌላ ክፍል ይሁን።

አረንጓዴው ቀለም መውጣት ያለበት በአረንጓዴ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ስለማይለይ ነው እንጂ ክሎሮፊል አዮዲኑን ስለሚከለክል አይደለም። ደግሞም፣ ስለሚጠየቅ፣ የቤት አረቄ ለዚህ ሥራ አይበቃም፤ በውስጡ ያለው ውኃ ብዙ ነው።

9. ቅጠሎቹን በወረንጦ አውጥተው ለብ ባለ ውኃ ይንከሯቸው።

አልኮል የቅጠሉን ውኃ ስለሚመጥጥ ቅጠሉ እንደ ደረቅ ወረቀት ይሰበራል፤ ለብ ያለው ውኃ ያለሰልሰዋል፣ የቀረውንም አልኮል ያጥባል። ሳህኑ ላይ ሳያጥፉ ይዘርጓቸውና እስኪቀዘቅዙ ይጠብቁ።

10. አዮዲኑን በመጀመሪያ በድንቹ ላይ ይፈትኑ፤ ከዚያ በሦስቱም ቅጠሎች ላይ ያንጠባጥቡ።

ድንቹ ወዲያውኑ ጥቁር ሰማያዊ መሆን አለበት። ትንሽ ቡላም ቢሆን ይሠራል። ይህን ካደረጉ በኋላ አዮዲኑን መጠርጠር የለብዎም። ቅጠሉ በሙሉ እስኪርስ ያንጠባጥቡና ሁለት ሦስት ደቂቃ ይታገሡ፤ ከዚያ በውኃ ቀስ አድርገው ያለቅልቁት።

ውጤቱ እንዲህ መሆን አለበት፦ «ሀ» የአዮዲኑን ቡናማ ቢጫ ቀለም ብቻ ይይዛል። «ለ» ዙሪያው ይጠቁራል፣ ፎይሉ የነበረበት መካከሉ ግን ቡናማ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። «ሐ» ላስቲክ የነበረበትም ቦታ ጭምር ይጠቁራል።

ነጭና አረንጓዴ ዝንጉርጉር ቅጠል ያለው ጌራኒየም ካገኙ ፎይል ሳያስፈልግ በዚሁ መንገድ ይሞክሩት፤ ከማፍላትዎ በፊት የነጩን ክፍል ቅርጽ በወረቀት ላይ ይሣሉ፣ ክሎሮፊሉ ከወጣ በኋላ ድንበሩ አይታይምና። የሚጠቁረው አረንጓዴ የነበረው ብቻ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚፈጸሙ ስሕተቶች

ምንም አልጠቆረም። ድንቹ ከጠቆረ አዮዲኑ ደኅና ነው። ተክሉ ፀሐይ ላይ የቆየበት ጊዜ አንሶ፣ ወይም ጠውልጎ፣ ወይም የቅጠሉ ዓይነት ስታርች የማያጠራቅም ሆኖ ይሆናል። ሌላም ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ምክንያት አለ፦ ቅጠሉ ትኩስ ሳለ አዮዲን ከተደረገበት ቀለሙ አይወጣም፤ የአዮዲንና የስታርች ጥቁር ሰማያዊ ቀለም በሙቀት የሚጠፋና ሲቀዘቅዝ የሚመለስ ነው። ቅጠሉን በቀዝቃዛ ውኃ አስቀምጠው እንደገና ይዩት።

ቅጠሉ በከፊል ነጠብጣብ ሆኖ ጠቆረ። በፈላ ውኃ የቆየበት ጊዜ አንሷል፤ አዮዲኑ የገባው በተሰነጠቀው ቦታ ብቻ ነው።

ፎይሉ ያለበት ጠርዝ ደብዛዛ ሆነ። ፎይሉ ስላልጠበቀ ብርሃን ሾልኮ ገብቷል። ይህ ስሕተት ቢሆንም ውጤቱን አያበላሽም።

ቅጠሉ አረንጓዴነቱን አልለቀቀም። አልኮሉ ደካማ ነው፣ ወይም ውኃው ቀዝቅዟል፣ ወይም የማፍላቱ ደረጃ ተዘልሏል።

ክፍል ሁለት፦ ውኃ ወደ ላይ የሚወጣበትን መንገድ ማየት

ምግብ ለመሥራት የሚያስፈልገው ውኃና በውስጡ የሟሟው ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ሌላውም ማዕድን ከሥር ወደ ቅጠል የሚደርሱት ዛይለም በሚባሉ ሙት ሕዋሳት በተሠሩ ቀጫጭን ቧንቧዎች በኩል ነው። ቧንቧዎቹን በዓይን ለማየት ነጭ አገዳ ያለው ቆስጣ ከማውቀው ሁሉ የተሻለ ነው።

11. በሦስቱ ብርጭቆዎች በእያንዳንዳቸው 100 ሚሊ ሊትር ውኃና አንድ የሻይ ማንኪያ ቀይ የምግብ ቀለም ይበጥብጡ። የእስክሪብቶ ቀለም አይጠቀሙ፤ አንዳንዱ ቧንቧውን የሚደፍን ቅንጣት አለው።

12. ሦስት እኩል የሚሆኑ የቆስጣ ቅጠሎችን አገዳ በሰፊ ዕቃ ውኃ ውስጥ እንደነከሩ ከሥሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል በምላጭ ይቁረጡ፤ ከዚያ ሳይዘገዩ ወደ ቀለሙ ያስተላልፏቸው። በአየር ላይ ከተቆረጡ በቧንቧው ውስጥ አየር ይገባል። በዛይለም ያለው ውኃ ከታች እስከ ላይ እንደተያያዘ ገመድ ሆኖ ከላይ የሚሳብ ስለሆነ፣ የአየር አረፋ ገመዱን እንደ መበጠስ ነው። ገበያ ላይ የዋለ ቆስጣ ቀለሙን አልወስድ ብሏቸው የሚጽፉልኝ ሰዎች አብዛኞቹ ይህን ደረጃ የዘለሉ ናቸው።

13. የመጀመሪያውን እንዳለ ይተዉት። የሁለተኛውን ቅጠል ቆርጠው አገዳውን ብቻ ያስቀሩ። የሦስተኛውን ቅጠል በፌስታል ሸፍነው አፉን በክር ይሰሩት። ሦስቱንም ነፋስና ብርሃን ባለበት መስኮት አጠገብ ያስቀምጡ።

14. ከሁለት እስከ አራት ሰዓት በኋላ አገዳዎቹን አውጥተው ከታች ጀምሮ በየሁለት ሴንቲ ሜትሩ አግድም ይቁረጡ። በተቆረጠው ፊት ላይ የሚታዩት ቀይ ነጠብጣቦች የዛይለም ጥቅሎች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ሥጋ ነጭ ሆኖ መቅረቱን ልብ ይበሉ፤ ውኃው እንደ ስፖንጅ በሁሉም በኩል ሳይሆን በተወሰነ መስመር ይወጣልና። ቀለሙ እስከ የት እንደደረሰ በማስመሪያ ይለኩ። ቅጠል ያለው ከሁሉ ከፍ ብሎ፣ ቅጠል የሌለው ዝቅ ብሎ፣ በፌስታል የተሸፈነው በመካከላቸው ሆኖ ያገኙታል። ውኃውን ወደ ላይ የሚስበው በዋናነት ከቅጠሉ የሚወጣው ትነት ስለሆነ፣ ትነቱ ሲቀንስ መሳቡም ይቀንሳል።

የተረፈውን ቆስጣ አይብሉት፤ ለሙከራ የዋለ ዕቃና ምግብ ባይቀላቀል ይሻላል።

15. ትነቱን ለብቻው ለማየት ከጧቱ 3 ሰዓት ላይ በግቢው ካለ ተክል አንድ ቅጠላም ቅርንጫፍ በግልጽ ፌስታል ይሸፍኑና የተቋጠረበትን ቦታ ቫዝሊን ይቀቡት። በአጠገቡ ቅጠሉ የተለቀመ ቅርንጫፍ በሌላ ፌስታል ይሸፍኑ። እስከ ቀትር በመጀመሪያው ውስጥ የውኃ ጠብታ ይሞላል፤ በሁለተኛው እምብዛም የለም። ፌስታሉን በማሰሮው ላይ ጨምረው አይጠቅልሉ፤ ከአፈር የሚተነው ውኃ ተቀላቅሎ ውጤቱን ያሳስታል። ተክል በሥሩ ከሚወስደው ውኃ ለምግብ ሥራና ለዕድገት የሚያውለው ጥቂቱን ነው፤ አብዛኛው በዚህ መልክ ወደ አየር ይወጣል። ችግኝ በጠራራ ፀሐይ ሲዛወር የሚጠወልገው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሥሩ ተቆርጦ መውሰዱ ሲቀንስ ቅጠሉ ግን ማትነኑን አልተወም።

16. ውኃ ወደ ሥር የሚገባበትን ሁኔታ በድንች ያሳዩ። ጣት የሚያህሉ ሁለት የድንች ቁራጮችን አንዱን በንጹሕ ውኃ፣ ሌላውን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው በተበጠበጠበት አንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ለአራት ሰዓት ያቆዩ። በንጹሕ ውኃ የነበረው ቀጥ ብሎ ይጠነክራል፤ በጨው ውኃ የነበረው ሲያነሡት ይለመጣል። ውኃ የሟሟ ነገር ካነሰበት ወደ በዛበት ስለሚሄድ፣ ከሕዋሱ ውጭ ያለው ጨው ከበለጠ ውኃው ከሕዋሱ ይወጣል። በትንሽ ማሰሮ ላለ ችግኝ ዩሪያ በእፍኝ የሚሰጡ ሰዎች ተክሉ «ማዳበሪያ ጠልቶ» ሳይሆን በዚሁ ምክንያት ተጠምቶ ይደርቅባቸዋል፤ አፈሩ እርጥብ ሳለ እንኳ።

ክፍል ሦስት፦ ምግብ የሚወርድበትን መንገድ ማየት

በቅጠል የተሠራው ስኳር የሚጓዘው ፍሎየም በሚባሉ ሕያዋን ሕዋሳት በኩል ነው፤ አቅጣጫውም ከተሠራበት ወደሚፈለግበት ነው እንጂ ሁልጊዜ ወደ ታች አይደለም። ድንች ከአፈር በታች ብርሃን ሳያይ ስታርች የሚሞላው፣ ከእንሰት ቡላ የሚገኘው ቅጠሉ ተፍቆ ሳይሆን ግንድ መሰሉና ሥሩ ተፍቆ የሆነው በዚህ ጉዞ ምክንያት ነው። በእንጨታም ተክሎች ፍሎየም በቅርፊቱ ውስጥ፣ ዛይለም ደግሞ በእንጨቱ ውስጥ ስለሚገኝ አንዱን ነክቶ ሌላውን መተው ይቻላል።

17. እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለውና ከላዩ ብዙ ቅጠል የያዘ የሎሚ ወይም የጽጌረዳ ቅርንጫፍ ይምረጡ። እንደ ኮባና ሸንበቆ ያሉት አይሆኑም፤ የእነርሱ ቧንቧዎች በግንዱ ውስጥ የተበታተኑ ስለሆኑ ቅርፊቱን ብቻ ማንሣት አይቻልም።

18. በንጹሕ ምላጭ ዙሪያውን ሁለት ቦታ በመቁረጥ ሁለት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቅርፊት እንደ ቀለበት ያንሡ። ከሥሩ ያለውን እርጥብና አንሸራታች ሽፋን በምላጩ ጀርባ ይፋቁት፤ ካልተፋቀ ቅርፊቱ እንደገና ይበቅልና ሙከራው ይከሽፋል። እንጨቱን ግን አይቁረጡ፤ ዛይለሙ ከተጎዳ ቅጠሉ በዚያው ቀን ይጠወልጋል። ቁስሉ እንዳይደርቅ በላስቲክ ይሸፍኑት።

19. ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ይጠብቁ፤ በየሳምንቱ ከቀለበቱ በላይና በታች ያለውን ውፍረት በክር ይለኩ። ቅጠሎቹ አረንጓዴ ሆነው ይቆያሉ፤ ውኃው በእንጨቱ በኩል መውጣቱን አላቆመምና። ከቀለበቱ በላይ ያለው የቅርፊት ጠርዝ ግን ያብጣል፤ ወደ ታች ሲወርድ መንገድ ያጣው ምግብ የተጠራቀመው እዚያ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህን በዋናው ግንድ ላይ በፍጹም አያድርጉ። ሥሩ ምግብ ስለሚያጣ ዛፉ ቀስ በቀስ ይሞታል፤ ለወራት አረንጓዴ ሆኖ ስለሚቆይም ምክንያቱን የሚያስታውስ አይኖርም። ከችግኝ ድጋፍ ላይ ያልተፈታ ሽቦና በዛፍ ላይ ለዓመታት ታስሮ የቆየ የልብስ ማስጫ ገመድ ግንዱ ሲወፍር የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ሙከራው ካለቀ በኋላ ቅርንጫፉን ከቀለበቱ በታች ይቁረጡት፤ ያበጠውን ቦታ እርጥብ አፈር ውስጥ ቢተክሉት አንዳንድ ጊዜ ሥር ያወጣል።